ጉልላቱን የተሸከመው ምንድን ነው? ስለ ሱለይማኒዬ መስጊድ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትማችን የኢስታንቡሉን የሱለይማኒዬ መስጊድ ፎቶግራፍ ከአጭር መግለጫ ጋር አውጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን፣ የቆዩ ሕንፃዎችን አሠራርና ጥገና ጠንቅቀው የሚያውቁ ባለሙያዎች እንዲመልሱልን ጠይቀናል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። በፎቶው ላይ እንዳየሁት ከጉልላቱ ሥር፣ ወለሉ መሐል፣ አንድም ምሰሶ የለም። ያን የሚያህል ጉልላት በምን ተይዞ ነው ከ460 ዓመት በላይ የቆመው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መጀመሪያ መጠኑን እንያዝ። የጉልላቱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 26.5 ሜትር ያህል ነው። ከወለሉ እስከ ጉልላቱ አናት 53 ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው የስፋቱ እጥፍ ማለት ነው። የሰላት አዳራሹ ውስጡ 59 በ58 ሜትር ገደማ ስለሆነ አራቱም ጎኑ እኩል ነው ቢባል ስሕተት የለውም።

ጉልላትን አስቸጋሪ የሚያደርገው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ጠርዙ ወደ ውጭ መግፋቱ ነው። ከሣር የተሠራ አክንባሎ ምጣድ ላይ ደፍተው አናቱን በመዳፍዎ ቢጫኑት ጠርዙ ሊከፈት ሲሞክር ይሰማዎታል። በጎጆ ቤትም ጣሪያው ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ዙሪያውን አጥብቆ የያዘው ማገር ባይኖር ግድግዳው ይፈርጥ ነበር። በጡብና በድንጋይ ሲሠራ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ጡብ ሲጫኑት ጠንካራ ነው፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ የግንበኛው ትልቁ ሥራ ወደ ጎን የሚሄደውን ግፊት እየጠመዘዘ ወደ መሬት ማውረድ ነው።

መሐንዲሱ ሲናን ይህን ያደረገው በደረጃ ነው። ጉልላቱ የተገነባው በሸክላ ጡብ ሲሆን ሥሩ 32 መስኮቶች ባሉት ቀለበት ላይ አርፏል። ቀለበቱ በአራት ታላላቅ ቅስቶች ላይ ተቀምጧል። በቅስቶቹ መካከል ያሉት አራት ማዕዘኖች ደግሞ እንደ ሸራ ተጣጥፈው በወጡ ሦስት ማዕዘን ግንቦች ተሞልተዋል፤ ክቡን ጉልላት ከታች ካለው አራት ማዕዘን ጋር የሚያገናኙት እነዚህ ናቸው። ቅስቶቹ በተራቸው ሸክሙን ለአራት ግዙፍ ዐምዶች ያስረክባሉ። መሐል ወለሉ ባዶ የሆነው ሸክሙ ሁሉ ወደ አራቱ ማዕዘን ስለተገፋ ነው።

ወደ ጎን የሚሄደውን ግፊት ማን እንደያዘው ለማወቅ ሕንፃውን በሁለት አቅጣጫ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በቂብላው (ሰጋጆች ፊታቸውን በሚያዞሩበት የመካ አቅጣጫ) መሥመር፣ ከመግቢያው ወደ ሚህራቡ (ቂብላውን ወደሚያመለክተው የግድግዳ ጎድጓዳ) ሲሄዱ፣ ከዋናው ጉልላት ፊትና ኋላ ሁለት ግማሽ ጉልላቶች ተደግፈዋል። እያንዳንዳቸው ከሥራቸው ትናንሽ ግማሽ ጉልላቶች አሏቸው። ግፊቱ ከትልቁ ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ትንሹ፣ ከትንሹ ወደ ውጭው ግድግዳ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ከሩቅ ሲታይ ሕንፃው ኮረብታ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

በቀኝና በግራ ግን ግማሽ ጉልላት የለም። ትልቁ ቅስት በመስኮት በተሞላ ስስ ግድግዳ ተዘግቷል፤ ይህ ግድግዳ ብርሃን ያስገባል እንጂ ጉልላት አይሸከምም። በየጎኑ የሚያዩዋቸው ሁለት ሁለት ትላልቅ የግራናይት ምሰሶዎችም ይህንኑ የመስኮት ግድግዳ ነው የያዙት። ብዙ ጎብኚ እነሱን የጉልላቱ ተሸካሚዎች አድርጎ ይገምታል። በዚህ አቅጣጫ ግፊቱን የሚቀበሉት ወፋፍራም ደጋፊ ግንቦች ናቸው። ሲናን ግንቦቹን ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ አላወጣቸውም፤ ግማሻቸውን ወደ ውስጥ አስገብቶ በመካከላቸው ባለ ሁለት ፎቅ በረንዳ ሠራ። ከውጭ የሚያየው ሰው የሚያምር በረንዳ እንጂ ድጋፍ አያይም። በእኛ ግምት የዚህ መስጊድ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው።

አንድ ነገር ይጨምሩ። ከአራቱ ዐምዶች በላይ፣ ከጣሪያው ውጭ፣ አራት ትናንሽ ግንብ መሰል ነገሮች ቆመዋል። ጌጥ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ዐምዱን ከላይ መጫን ነው። አዘቅዝቆ ወደ ውጭ የሚሄድ ግፊት ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ክብደት ሲጨመርበት አቅጣጫው ወደ ታች ይታጠፋል፣ በዐምዱ ውስጥም ይቀራል። በምሕንድስና ትምህርትዎ የኃይሎችን ድምር በቀስት ሲሥሉ ይህን ምሳሌ ይሞክሩት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ ካሉ፣ ከዚያው ከተማ ነው። በ537 የተጠናቀቀው የአያ ሶፍያ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በ558 ወድቋል፣ በ562 ከበፊቱ ከፍ ተደርጎ እንደገና ተሠርቷል፣ ከዚያም በ10ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን ከፊሉ ፈርሷል። የመጀመሪያው ጉልላት ዝርግ ስለነበር ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ብርቱ ነበር። ሲናን ያን ሕንፃ በቅርብ ያውቀዋል፣ ድጋፍም ጨምሮለታል። ሱለይማኒዬ የአያ ሶፍያን አቀማመጥ ተከትሎ፣ ድካሙን ግን አስተካክሎ የተሠራ ነው። በስፋት አይበልጠውም፤ የአያ ሶፍያ ጉልላት 31 ሜትር ይሆናል። ሲናን ያን ልክ የደረሰበት በኋላ በኤዲርኔ በሠራው የሰሊሚዬ መስጊድ ነው።

ጥያቄ፦ ሚናራዎቹ አራት ሆነው ሁለቱ ለምን አጠሩ? የበረንዳቸውስ ቁጥር ትርጉም አለው? (ከደሴ)

መልስ፦ ከሁለት በላይ ሚናራ መትከል በኦቶማን ዘመን የሱልጣን መብት ነበር። አራቱ ሚናራዎች ሱለይማን ቁስጥንጥንያ ከተያዘች ወዲህ አራተኛው ሱልጣን መሆኑን፣ 10ሩ በረንዳዎች ደግሞ ከሥርወ መንግሥቱ መሥራች ጀምሮ 10ኛው መሆኑን ያመለክታሉ ሲባል የቆየ ነው። ቁጥሩ በትክክል ይገጥማል፤ ሁለቱ ረጃጅሞች ሦስት ሦስት፣ ሁለቱ አጫጭሮች ሁለት ሁለት በረንዳ አላቸው።

ቁመቱን በተመለከተ፣ ረጃጅሞቹ የእርሳስ ቆባቸውን ጨምሮ 76 ሜትር ያህል ሲሆኑ የቆሙት ግቢውና መስጊዱ በሚገናኙበት ማዕዘን ነው። አጫጭሮቹ በግቢው የፊት ማዕዘን ላይ ናቸው። ከፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ዓይን ከአጭሩ ወደ ረጅሙ፣ ከረጅሙ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። አራቱም እኩል ቢሆኑ ኖሮ የፊቶቹ ጉልላቱን በጋረዱት ነበር።

እንዲህ ያለ ቀጭን ግንብ በመሬት መንቀጥቀጥ አገር የሚቆመው በድንጋዮቹ መያያዣ ነው። የኦቶማን ግንበኞች ከላይና ከታች ያሉትን ድንጋዮች በብረት ችንካር፣ ጎን ለጎን ያሉትን በብረት መቆንጠጫ ያያይዙና ቀዳዳውን በቀለጠ እርሳስ ይሞሉታል። እርሳሱ ሁለት ነገር ይሠራል፤ ብረቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ውኃና አየርም እንዳያገኘው ይሸፍነዋል። እርሳሱ ከተሰነጠቀ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገት ከብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። በአሮጌ ሚናራ ላይ ከመጋጠሚያው አጠገብ ቡናማ መሥመርና የተፈረከሰ ጠርዝ ካዩ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። መስጊዱን የሠሩት እነማን ናቸው? ሁሉም ባሮች ነበሩ የሚል አንብቤአለሁ። (ከሐረር)

መልስ፦ ወዐለይኩም ሰላም። ያነበቡት ትክክል አይደለም። የሱለይማኒዬ የሥራ የሒሳብ መዝገብ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ስላለ በዚህ ነገር በግምት መናገር አያስፈልግም። ግንባታው ከ1550 እስከ 1557 የተካሄደ ሲሆን በመዝገቡ ላይ 3,523 የእጅ ባለሙያዎች ተቆጥረዋል። ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ክርስቲያኖች፣ የቀሩት ሙስሊሞች ነበሩ። ከጉልበቱ 55 በመቶ ያህሉ ደመወዝ ተቀብለው የሚሠሩ ነጻ ሰዎች፣ 40 በመቶ ያህሉ የኒቸሪ ለሚባለው የሱልጣኑ እግረኛ ጦር የሚሠለጥኑ ወጣቶች፣ 5 በመቶ ያህሉ ደግሞ በመርከብ ቀዛፊነት የተያዙ ባሮች ነበሩ። ባሮች ነበሩበት፤ መደበቅ አይገባም። የሕንፃው እጅ ግን በአመዛኙ የደመወዝተኛ ግንበኛ፣ የድንጋይ ጠራቢና የአናጢ እጅ ነው።

ሲናን ራሱ በካይሰሪ አቅራቢያ ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወልዶ፣ ለሱልጣኑ አገልግሎት ተመልምሎ፣ በጦር ሠራዊት ውስጥ ድልድይና ምሽግ ሲሠራ የተማረ ሰው ነው። ከ1539 ገደማ ጀምሮ እስከ ሞተበት 1588 ድረስ የቤተ መንግሥቱ ዋና መሐንዲስ ነበር። የሸህዛዴን መስጊድ የተለማማጅነቱ፣ ሱለይማኒዬን የሙያተኛነቱ፣ ሰሊሚዬን የሊቅነቱ ሥራ ብሎ መጥራቱ ይነገራል።

ድንጋዩስ? ዋናው የግንብ ድንጋይ ከከተማዋ ዳር፣ ዛሬ ባክርኮይ ከሚባለው አካባቢ የወጣ ዛጎል የበዛበት የኖራ ድንጋይ ነው። ከመሬት ሲወጣ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጠረባል፤ አየር ላይ ሲቆይ እየጠነከረ ይሄዳል። እብነ በረዱ ከማርማራ ደሴት፣ ብረቱ ከቡልጋሪያው ሳሞኮቭ መጣ። ከአራቱ የግራናይት ምሰሶዎች አንዱ ከእስክንድርያ፣ አንዱ ከሊባኖሱ በዓልበክ፣ ሁለቱ ከዚያው ከኢስታንቡል እንደተገኙ በሲናን ስም የተጻፈው ትረካ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ስለ ሱለይማኒዬ ኢንተርኔት ላይ የማይባል ነገር የለም። የመብራቱ ጥላሸት ተሰብስቦ ቀለም ይሠራበት ነበር፣ የሰጎን እንቁላል ሸረሪት ያባርራል፣ ጉልላቱ ውስጥ ማሰሮ ተቀብሯል፣ ሲናን ሺሻ እያጨሰ ድምፁን ፈተሸ ይላሉ። የትኛው እውነት ነው? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ አንድ በአንድ እንያቸው፤ ሁሉም እኩል አይደሉም።

የሺሻው ወሬ ሐሰት ነው። ትምባሆ ወደ ኦቶማን ምድር የገባው 1600 ገደማ ሲሆን ሲናን የሞተው በ1588 ነው። ትምባሆ የለም፣ የውኃው ብቅብቅታ ነው የተሰማው የሚል ማስተካከያ የሚጨምሩም አሉ፤ ለእሱም ማስረጃ የለም።

ማሰሮዎቹ እውነት ናቸው። አፋቸው ወደ ውስጥ የተከፈተ የሸክላ ማሰሮዎች በጉልላቱ ግንብ ውስጥ ተቀብረዋል። በትልቅ ጉልላት ሥር ድምፅ ይመላለሳል፤ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ ቶሎ ስለማይጠፋ የኢማሙ ቃል ከቀጣዩ ቃል ጋር ይደባለቃል። ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፉ አንድ የተወሰነ ድምፅ ብቻ እንደሚወጣው ሁሉ፣ ማሰሮም እንደ ሆዱና እንደ አንገቱ መጠን አንድን የድምፅ ዓይነት ለይቶ ይይዛል፤ ከያዘውም ውስጥ ከፊሉን ያደክመዋል። ወለሉን የሸፈነው ምንጣፍ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ይመጥጣል። ማሰሮው የሚሠራው አፉ ክፍት ሲሆን ነው። በጥገና ጊዜ የማያውቅ ሰው በልስን ከደፈነው ከዚያ ወዲያ ተራ ባዶ ቀዳዳ ነው።

ጥላሸቱ አሳማኝ ነው። ከዋናው በር በላይ ባለች ክፍል የዘይት መብራቶቹ ጥላሸት በአየር ዝውውር ተስቦ ይሰበሰብ እንደነበርና ቀለም እንደተሠራበት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነገር ኖሯል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከታች በሮቹ ቀዝቃዛ አየር ያስገባሉ፤ መውጫውን የት እንደሚያደርገው የሚያውቅ መሐንዲስ ጭሱን መምራት ይችላል። ይህን ያህል ጭስ ለማሰብ አንድም የኤሌክትሪክ አምፖል ያልነበረበትን ምሽት ማስታወስ ይበቃል። ከጥላሸትና ከሙጫ የሚሠራ ጥቁር ቀለም የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ዋና መሣሪያ ነበር፤ በእኛም አገር የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ነው የሚያዘጋጁት።

የሰጎን እንቁላሎቹ በመብራት ቀለበቶቹ መካከል ይሰቀሉ ነበር። ሸረሪትን ማባረራቸው የጠባቂዎቹ እምነት ነው፤ በሳይንስ የተረጋገጠ አድርገን ልናቀርበው አንችልም። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የጉልላት መስቀል ላይ የሰጎን እንቁላል ማየት ለለመደ አንባቢ ግን ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ጥያቄ፦ በከተማችን ያለውን ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ አሮጌ መስጊድ ለማደስ ኮሚቴ አቋቁመናል። ግንበኛው በሲሚንቶ እንለስነው ይላል። እናንተ ባለፈው እትም ስለ ሱለይማኒዬ ስትጽፉ «ሖራሳን» የሚባል ማያያዣ ጠቅሳችኋል። እኛስ ልንሠራው እንችላለን? (ከወሎ)

መልስ፦ ግንበኛውን ቢያስቆሙት ደስ ይለናል። የኖራ ግንብ ይተነፍሳል፤ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በፊቱ በኩል ያወጣል። ሲሚንቶ መንገዱን ይዘጋበታል። እርጥበቱ ከልስኑ ጀርባ ይከማቻል፣ ይዞት የመጣው ጨው እዚያው ይደርቅና እየረጋ የድንጋዩን ፊት ያፈርሳል። ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ ልስኑ ከነድንጋዩ ቅርፊት ተገንጥሎ ሲወድቅ ሰው «ኖራው አርጅቶ ነው» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የሲሚንቶው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጥንካሬው ነው። አሮጌ ግንብ በሙቀትና በመሬት እንቅስቃሴ በጥቂቱ ይላወሳል፤ ኖራ አብሮት ይላወሳል፣ ሲሚንቶ ግን ደርቆ ይቆማል፣ ስንጥቁም ወደ ድንጋዩ ይዞራል። የጎንደር ግንቦች በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በኮንክሪት መጠገናቸው ያስከተለው ጉዳት ለጠጋኞች እስከ ዛሬ የቤት ሥራ ሆኗል።

ሖራሳን ማለት የኖራና የተፈጨ የሸክላ ጡብ ድብልቅ ነው። ኖራ ብቻውን የሚጠነክረው ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው፤ በወፍራም ግንብ ውስጥ ይህ ብዙ ዓመት ይፈጃል። የሸክላ ዱቄት ሲጨመርበት ግን አየር በሌለበትና እርጥበት ባለበትም ይያያዛል። ሸክላው በመጠነኛ እሳት የተቃጠለ፣ ጥፍር የሚጭረው ዓይነት መሆን አለበት። እንደ ድንጋይ ጥርት ብሎ የሚጮኸው በኃይለኛ እሳት የተቃጠለ ስለሆነ ብዙም አይዋሐድም፤ ከሲሚንቶ የተሠራ ብሎኬት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ያልበረደውን ኖራ በውኃ ያበርዱት፤ ኖራውን ወደ ውኃው ይጨምሩ እንጂ ውኃውን ኖራው ላይ አያፍስሱ፣ ፈልቶ ይረጫልና። የዓይን መከላከያና ጓንት ግዴታ ነው፤ ዓይን ውስጥ የገባ ኖራ ያሳውራል። የበረደውን በወንፊት አጥልለው ጉድጓድ ወይም በርሜል ውስጥ፣ ላዩ በውኃ ተሸፍኖ፣ ቢያንስ አንድ ወር ያቆዩት፤ ሦስት ወር ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በመጠን አንድ እጅ የኖራ ሊጥ፣ አንድ እጅ የሸክላ ዱቄት፣ ሁለት እጅ የታጠበ ሸካራ አሸዋ ያደባልቁ። ውኃ ለመጨመር አይቸኩሉ። መጀመሪያ ደረቅ የሚመስለው ድብልቅ እየተወቀጠ ሲሄድ ይለሰልሳል፤ ውኃ የበዛበት ልስን ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ግድግዳውን ከሲሚንቶና ከብናኝ ካጸዱ በኋላ በውኃ ያርሱት። ደረቅ ድንጋይ የልስኑን ውኃ መጥጦ ዱቄት ያደርገዋል፣ ብዙ ሥራ የሚበላሽበትም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሽፋን ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ ቀጣዩ የሚደረበው የፊተኛው በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይጎደጉድ ሲሆን ነው። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል እርጥብ ጆንያ አልብሰው ከፀሐይና ከነፋስ ይጠብቁት። ሥራውን በበጋው ሐሩርም በክረምቱ ዶፍም አያድርጉት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከማይታይ ጎን 1 ካሬ ሜትር ሞክረው አንድ ክረምት ያሳልፉት። ግንቡ በኖራ ሳይሆን በጭቃ የተያያዘ ሆኖ ከተገኘ ይህ ድብልቅ ራሱ ይከብደዋልና ሥራውን አቁመው የቅርስ ጥገና ባለሙያ ያማክሩ።

የጣሪያ እርሳስ እንጠቀም ወይ ብለው በዚያው ደብዳቤ ለጠየቁን፦ አያስፈልግዎትም። በኢስታንቡል ጉልላቶቹ የተሸፈኑት በእርሳስ ቅጠል ሲሆን ከሥሩ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይነጠፋል፤ መጋጠሚያው ይታጠፋል እንጂ ዝም ብሎ አይቸነከርም፣ እርሳስ በፀሐይ ይረዝማልና። ትኩስ ሲሚንቶ ከእርጥበት ጋር ሲያገኘው እርሳሱን ይበላዋል። መርዛማነቱም ሌላ ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ ውስጡ የሚታየው ሥዕልና ጌጥ የሲናን ዘመን ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከፊሉ ብቻ። መስጊዱ በ1660 በእሳት ተጎድቶ በሱልጣን መሕመድ አራተኛ ትእዛዝ ታድሷል፤ በ1766 የመሬት መንቀጥቀጥ የጉልላቱ ከፊል ወድቋል። በ19ኛው መቶ ዘመን የስዊስ ተወላጆቹ የፎሳቲ ወንድማማቾች የውስጡን ቀለም በዘመኑ የአውሮፓ ስልት ለወጡት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግቢው የመሣሪያ ማከማቻ ሆኖ ጥይቱ ሲነሣ እንደገና ተቃጠለ። የተሟላ እድሳት ያገኘው በ1956 ነው፤ ከ2007 እስከ 2010 ደግሞ ተዘግቶ በሰፊው ተጠግኗል።

የመጀመሪያውን እጅ ማየት ከፈለጉ ዓይንዎን ወደ ቂብላው ግድግዳ ያድርጉ። በኢዝኒክ ከተማ የተሠሩት የሸክላ ንጣፎች የተለጠፉት እዚያ ብቻ ነው። ቲማቲም የመሰለው፣ በጣት ሲዳስሱት ከፍ ያለው ቀይ ቀለም በትልቅ ሕንፃ ላይ ገና መታየት የጀመረው ያን ጊዜ ነበር። ከሚህራቡ በላይ ያሉት ባለ ቀለም መስተዋቶች ኢብራሂም በሚባል ባለሙያ ስም ይታወቃሉ። ጽሕፈቱ ከታላቁ የፊደል ሊቅ ከአሕመድ ቀራሒሳሪና ከደቀ መዝሙሩ ከሐሰን ቸለቢ ጋር የተያያዘ ነው። ጌጡ መመጠኑ የድህነት ምልክት አይደለም። ግድግዳው ሁሉ በንጣፍ ቢሸፈን ዐምዶቹና ቅስቶቹ ምን እንደሚሠሩ ማን ያይ ነበር?

ጥያቄ፦ ከጂዳ ወደ አውሮፓ ስሄድ ኢስታንቡል ላይ 9 ሰዓት እቆያለሁ። መስጊዱን አይቼ ለመመለስ ይበቃኛል? ሌላም ልጠይቅ፦ ከእኛ አገር ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

መልስ፦ ይበቃዎታል፣ ቪዛ የሚያስፈልገው ፓስፖርት ከያዙ ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። ከአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በኤም 11 ሜትሮ እስከ ጋይረትቴፔ ይሂዱ፤ እዚያ ወደ ኤም 2 ተሻግረው ቨዝነጂለር ይውረዱ። ከዚያ በእግር 10 ደቂቃ ያህል ነው። ለአንድ ጉዞ አንድ ሰዓት ተኩል ይያዙ፤ ለመመለሻው ደግሞ የፍተሻውን ሰልፍ ጨምረው ያስቡ።

መግቢያ ክፍያ የለም። በሰላት ሰዓት ለጎብኚ ይዘጋል፤ ዓርብ ከቀትር በፊትና በኋላ ባይሄዱ ይሻላል፣ ለጁምዓ ካልሆነ። ዉዱእ (ከሰላት በፊት ያለው መታጠብ) የሚደረገው በመስጊዱ ጎን ባሉት ቧንቧዎች ነው። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ይያዙ።

ሲገቡ ቀጥታ ወደ መሐል አይሂዱ። በመጀመሪያ በግቢው፣ በ24ቱ ምሰሶዎች መካከል ቆመው ጉልላቶቹ እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚወጡ ይመልከቱ። ከውስጥ ደግሞ ከአንዱ ታላቅ ዐምድ ሥር ይቁሙና ቅስቱን ተከትለው ወደ ላይ ያንጋጡ። ከዚያ በኋላ በአጥሩ ዙሪያ ይዙሩ፤ መስጊዱ ብቻውን አልተሠራም። መድረሳዎቹ (የሃይማኖት ትምህርት ቤቶቹ)፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ፣ ለተማሪና ለድኻ ምግብ የሚያበስለው ወጥ ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ ሐማሙ ሁሉ በአንድ ወቅፍ (ለበጎ ሥራ በተሰጠ ንብረት) ሥር ነበሩ። ቦታው ቁልቁለት ስለሆነ ከመድረሳዎቹ ሁለቱ እንደ እርከን እየወረዱ ተሠርተዋል። ሌሎች ሁለት መድረሳዎች ዛሬ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት የሚጠበቁበት ታዋቂ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ከመስጊዱ ፊት ለፊት ባለው ረድፍ ያሉት ትናንሽ ምግብ ቤቶች የሚታወቁት በነጭ ቦሎቄ ወጣቸው ነው፤ ጊዜ ካለዎት ይቅመሱት።

ከቂብላው ግድግዳ ጀርባ ባለው የመቃብር ስፍራ በ1566 የሞተው ሱልጣን ሱለይማንና በ1558 የሞተችው ባለቤቱ ሑረም በየራሳቸው ባለ ጉልላት ቤት ተቀብረዋል። በቱርክ ድራማ የሚያውቋቸው ብዙ አንባቢዎች ጠይቀውናል፤ እዚያው ናቸው።

ሁለተኛውን ጥያቄ በተመለከተ፣ ግንኙነት አለ፣ ደስ የሚያሰኝ ብቻ ግን አይደለም። መስጊዱ እየተሠራ በነበረበት ጊዜ የኦቶማን መንግሥት በቀይ ባሕር ዳርቻ «ሐበሽ» የሚባል ግዛት አቋቁሟል። የኦቶማኑ አዛዥ ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን የያዘው በ1557፣ መስጊዱ በተጠናቀቀበት ዓመት ነው።

የሲናንን መቃብር ሳያዩ ከወጡ ግን ቅር ይለናል። በውስጠኛው መቃብር አይፈልጉት። ከግቢው ውጭ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ሁለት መንገድ በሚገናኝበት ሹል ማዕዘን ላይ በአነስተኛ አጥር ውስጥ ነው። ሰው ሳያየው ያልፋልና ከዋናው ግቢ ሲወጡ ግድግዳውን ተከትለው ወደ ታች ይሂዱ።